ትንሿን ችግኝ ማን ይጠብቃት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ሕፃናት፣ ባለፈው ትምህርታችን ስለ ሥነ ፍጥረት ተምረናል። ዛሬ ደግሞ እግዚአብሔር የፈጠረውን ስለ መጠበቅ እንማራለን።

1. የመጀመሪያው አደራ

እግዚአብሔር ዕፀዋትን የፈጠረው በዕለተ ሠሉስ ማለትም በማክሰኞ ቀን ነው። ሰውን ደግሞ በዕለተ ዓርብ ፈጠረው። አዳምን በዔደን ገነት ባኖረው ጊዜም ሥራ ሰጠው። ሥራውም ገነትን ማበጀትና መጠበቅ ነበር (ዘፍ. 2፥15)።

ልጆች፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ አደራ የተሰጠው ለአንድ ሰው ነው። አዳም «ሌላ ሰው ይጠብቃት» ሊል አይችልም ነበር።

2. ደኑ እንዴት ቆየልን?

በጎንደርና በጎጃም መንገድ ስትሄዱ፣ በእርሻው መካከል እንደ ደሴት የቆመ ደን ከሩቅ ይታያችኋል። ብዙውን ጊዜ በውስጡ ቤተ ክርስቲያን አለ። በዙሪያው የነበረው ዛፍ ለማገዶ፣ ለቤት መሥሪያና ለእርሻ ሲባል ተቆርጦ አልቋል። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ በቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ግን ቆይተዋል። አባቶቻችን ዐፀዱን የገነት ምሳሌ አድርገው ስለሚያከብሩት ምሳር አላነሡበትም። ስለዚህ ዛሬ ወፎች ይጠለሉበታል፤ ንቦች ይቀስሙበታል፤ የቆሎ ተማሪዎችም በጥላው ያጠናሉ።

3. ልጅ ያጣ ደን

ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉ የደን ተመራማሪ በደቡብ ጎንደር የሚገኙ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው ውጤቱን በ2007 እ.ኤ.አ. አቅርበዋል። በእነዚህ ደኖች 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎች ተገኝተዋል። ይህ ደስ ያሰኛል።

ነገር ግን የሚያሳስብም ነገር አለ። ከብቶች በሚገቡበት ደን ትልልቆቹ ዛፎች ቢኖሩም፣ ከሥራቸው የሚያድጉት ችግኞች ጥቂት ናቸው። ዘሩ ይወድቃል፤ ይበቅላልም። ከዚያ በኋላ ከብት ይበላዋል፤ እግርም ይረግጠዋል። አያቶች ብቻ ቀርተው ልጅ የሌለበትን ቤት አስቡ። አያቶቹ ሲያርፉ ቤቱ ይዘጋል። ደንም እንዲሁ ነው።

ይህን ጥፋት ያደረሰው ማን ነው? አንዲት ላም ብቻዋን ደን አታጠፋም። ግን እያንዳንዱ ሰው «የእኔ አንዲት ላም ምን ታመጣለች?» ቢል ላሞቹ መንጋ ይሆናሉ። መልካሙም ሥራ እንዲሁ በአንድ በአንድ ይሰበሰባል። በአንዳንድ አጥቢያዎች ምእመናን ከእርሻቸው ድንጋይ እየለቀሙ በደኑ ዙሪያ አጥር ሠርተዋል። እያንዳንዱ ሰው የተሸከመው ጥቂት ድንጋይ ነው፤ ሲደረደር ግን ከብት የማያልፈው ካብ ሆነ።

4. የእኛ ድርሻ

ሀ/ ከብት የምትጠብቁ ልጆች፣ ከብቶቹን ወደ ዐፀዱ አታስገቡ።

ለ/ ለቅዳሴም ሆነ ለንግሥ ስትሄዱ በመንገዱ ብቻ ሂዱ። ከመንገድ ከወጣችሁ ገና የበቀለች ጽድ ትረግጣላችሁ።

ሐ/ የጧፍ መጠቅለያ፣ ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ አትጣሉ። ላስቲክ እንደ ቅጠል በስብሶ አፈር አይሆንም፤ የበላውንም እንስሳ ያሳምማል።

መ/ ክረምት ሲገባ አባቶችን ጠይቃችሁ አንድ የአገር ዛፍ ትከሉ። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው። በበጋ ውኃ ማጠጣትና ማጠር ግን ዓመት ሙሉ ነው፤ አደራው ያለውም እዚህ ላይ ነው።

«እኔ ገና ትንሽ ነኝ፤ ምን እችላለሁ?» የሚል አለን? ትንሿ ችግኝ ያለችው ከምድር አጠገብ ነው። ከአዋቂዎች ይልቅ ለእናንተ ዐይን ትቀርባለች። ቀድሞ የሚያያት ሕፃን ነው፤ እንግዲህ ቀድሞ የሚጠብቃትም እርሱ ይሁን።

በቅዳሴ ጊዜ ስለ ዝናምና ስለ ምድር ፍሬ እንጸልያለን። ጸሎታችንን በሥራ እናስከትለው። ልዑል እግዚአብሔር ይርዳን።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. እግዚአብሔር ለአዳም በገነት የሰጠው ሥራ ምን ነበር?
2. በአንዳንድ ደኖች ችግኞች ጥቂት የሆኑት ለምንድን ነው?
3. በአጥቢያችሁ ዐፀድ ያሉትን አምስት ዛፎች ስም አባቶችን ጠይቃችሁ ጻፉ። ከሥራቸው ችግኝ እንዳለም አይታችሁ ለክፍሉ ተናገሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።