ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ማንን እንክሰስ?

ባለፈው ዓመት መጋቢት ወር ላይ ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ጋምቤላ ሰንብቼ ልመለስ አውሮፕላን ማረፊያው ስደርስ፣ ከሠልጣኞቼ አንዱ የሆነ ወጣት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሳጥን ታቅፎ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። «ጋሼ፣ እባክዎ ይህን ሲፒዩ አዲስ አበባ አድርሰው ያስመርምሩልኝ» አለኝ። ላቡ በግንባሩ ላይ ይወርዳል። መጀመሪያ የሙቀቱ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ስንጨዋወት ግን የጭንቀትም እንደሆነ ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተሩ ለወጣቱ መሥሪያ ቤት ተገጣጥሞ ከተሸጠ ገና 5 ወሩ ነው። ጠዋት ጠዋት ያለ እንከን ይሠራል። ከቀትር በኋላ ግን ስክሪኑ በድንገት ሰማያዊ ይሆንና ራሱን አጥፍቶ ይነሣል። ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደርጓል፤ ፀረ ቫይረስም ተጭኖበታል። ለውጥ የለም። አንድ ቀን ታዲያ ሴቭ ያልተደረገ የሩብ ዓመት ሪፖርት ይዞ ጠፋ። መሥሪያ ቤቱም ወጣቱን «በግል ፍላሽህ ቫይረስ አስገብተህ ንብረት አበላሽተሃልና መልስ ስጥ» የሚል ደብዳቤ ሰጠው።

ሳጥኑን ይዤ መጣሁ። አዲስ አበባ አንድ የማውቀው ባለሙያ ለ3 ቀናት ከጠዋት እስከ ማታ አሠራው። አንድም ጊዜ አልጠፋም። «ምንም የለበትም» ብሎ መለሰልኝ። ይህ የምሥራች ይመስላል፤ ለወጣቱ ግን መርዶ ነበር። ዕቃው ደህና ከሆነ ጥፋቱ የሰውየው ነው ማለት ነዋ!

በሚያዝያ ወር ለሁለተኛው ዙር ሥልጠና ስመለስ ሳጥኑን እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ አስረከብኩት። በማግስቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ዓይኔ እያየ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ያን ጊዜ ነው አንድ ያልጠየቅነው ምስክር እንዳለ የተረዳሁት፤ የጋምቤላ ፀሐይ!

እንደ እኔ ሕግ ተምሮ ለኮምፒዩተር እንግዳ ለሆነ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። ፕሮሰሰር በምት የሚሠራ ዕቃ ነው። 3.6 ጊጋኸርትዝ ሲባል በአንድ ሰከንድ 3.6 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል ማለት ነው። እያንዳንዱ ምት ላይ የተጀመረ ሥራ የሚቀጥለው ምት ከመድረሱ በፊት ማለቅ አለበት። ካላለቀ የተሳሳተ ውጤት ይያዛል፤ ዊንዶውስም ስሕተቱን ሲያገኝ ሥራውን ያቆማል። አምራቾች ለዚህ ሲሉ ከሚቻለው ፍጥነት ዝቅ አድርገው ይወስኑና የመጠባበቂያ ልዩነት ይተዋሉ። ያንን ልዩነት አሟጥጦ ዕቃውን ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ነው ኦቨርክሎኪንግ የሚባለው።

ሙቀት ደግሞ ሥራውን ያዘገየዋል። የኮምፒዩተር ማራገቢያ ክፍሉ ውስጥ ካለው አየር በታች ሊያቀዘቅዝ አይችልም። አንድ ፕሮሰሰር በሥራ ላይ ከአካባቢው አየር በ55 ዲግሪ የሚበልጥ ከሆነ፣ 25 ዲግሪ በሆነ የአዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ 80 ይደርሳል፤ 40 ዲግሪ በሚጠጋ የጋምቤላ ቀትር ግን 95 ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ጋምቤላ ግን 500 ሜትር ገደማ ላይ መሆናቸውን ያስታውሷል። አዲስ አበባ ላይ ለጥቂት የተረፈው ልዩነት ጋምቤላ ላይ አለቀ። ባለሙያው አልዋሸም፤ ምርመራው ግን ወንጀሉ በተፈጸመበት ቦታና ሰዓት አልተካሄደም።

ወደ ባለሙያው ደወልንና በስልክ እየመራን ባዮስ የሚባለውን፣ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣውን የማስተካከያ ገጽ ከፈትን። ለፕሮሰሰሩ በአምራቹ የተወሰነለት የሜሞሪ ፍጥነት 2933 ሲሆን የተሞላው 3600 ነው። የፕሮሰሰሩም ፍጥነት ከፍ ተደርጓል፤ እሱን ለመሸከም ቮልቴጁ ተጨምሯል፤ ሙቀቱም አብሮ ጨምሯል። ዕቃው ሲሸጥ ፈጣን ሆኖ እንዲታይ የተደረገ ነበር። ፎርማት ማድረጉም ለምን እንዳልጠቀመ አሁን ግልጽ ሆነ፤ ፎርማት ሃርድ ዲስኩን እንጂ ባዮስን አይነካምና።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ምን ያድርግ? ከዚያ ቀን የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ምስክሮችን ይስሙ። ሰማያዊው ስክሪን ላይ የሚወጣውን የስሕተት ስም በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነና የአንድ ፕሮግራም ወይም ድራይቨር ስም ከጠራ፣ ጥርጣሬው ወደ ሶፍትዌሩ ያደላል። በየጊዜው ቃሉን የሚለዋውጥ ከሆነ ሜሞሪን፣ ፕሮሰሰርን ወይም ፓወር ሰፕላይን ይጠርጥሩ።

ሁለተኛ፣ ሰነድዎን ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ። ቀጥሎ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ «ዲሊት» ወይም «ኤፍ 2» የሚለውን በመጫን ባዮስ ይግቡና ያለውን ሁሉ ፎቶ አንሥተው «ሎድ ኦፕቲማይዝድ ዲፎልትስ» የሚለውን ይምረጡ። ይህ ሁሉንም ወደ አምራቹ ውሳኔ ይመልሳል። ኤክስኤምፒ የሚባለው የሜሞሪ ማፍጠኛም መጥፋቱን ያረጋግጡ። ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ዲስክዎ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የማስከፈቻ ቁጥሩን አስቀድመው ይያዙ። ዊንዶውስ አልነሣም ካለ ደግሞ የዲስኩ አሠራር ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ቀድሞ ያነሡትን ፎቶ ይመልከቱ።

ሦስተኛ፣ በሚጠፋበት ቦታና ሰዓት ይፈትኑት። ሜምቴስት86 የሚባለውን ፕሮግራም በፍላሽ ጭነው ለብዙ ሰዓታት ያስኪዱት። ለሜሞሪ አንድ ስሕተት እንኳ ብዙ ነው። ስሕተት ከታየ ሜሞሪዎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ለየብቻ ይፈትኑ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከቀየሩ ጥፋተኛው የትኛው እንደነበረ አያውቁም።

አራተኛ፣ አቧራውን ያስጠርጉ፤ ማራገቢያው መዞሩን ይዩ፤ መብራቱ ከፍ ዝቅ የሚል ወይም ከጄኔሬተር የሚመጣ ከሆነ ዩፒኤስ ያስገቡ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ በአምራቹ ውሳኔ እየሠራም የሚጠፋ ከሆነ ዕቃው ራሱ ጉድለት አለበት ማለት ነው። ጥፋቱ የአምራቹ የሚሆንበት ጊዜም አለና። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ መበላሸታቸውን አምኖ፣ በባዮስ በኩል የሚጫን ማስተካከያ አወጣ፤ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው ተጨማሪ ጉዳትን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አያድንም። ባዮስ ሲያድሱም ያለ ዩፒኤስ አይሞክሩት፤ መብራት በመካከል ከሄደ ኮምፒዩተሩ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል።

የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 1 ሚሊዮን ከሚጠጉ ኮምፒዩተሮች የተሰበሰበ መረጃ መርምረው፣ ፍጥነታቸው ከልክ በላይ የተጨመረባቸው ይበልጥ እንደሚጠፉ፣ አንዴ በሃርድዌር ስሕተት የጠፋም እንደገና የመጥፋት ዕድሉ እጅግ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ስለዚህ «አንድ ጊዜ ነው፣ ያልፋል» ብሎ መተው አያዋጣም።

በሕጉ በኩልም አንድ ነገር ልበል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2287 ሻጩ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ለገዢው ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ገዢም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ስለዚህ ኮምፒዩተር የሚረከብ መሥሪያ ቤት የባዮስን ገጽ ፎቶ ከርክክቡ ሰነድ ጋር ቢያያይዝ ምን ይጎዳዋል? የእኛ ልማድ ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነና፣ ሻጩን መጠየቅ ሲገባ ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠው ሰው ተጠየቀ።

ባዮሱ ከተስተካከለ በኋላ በቀሩኝ 3 ቀናት፣ በቀትሩ ሙቀት፣ ኮምፒዩተሩ አንድ ጊዜም አልጠፋም። ባለሙያው ያየውን በአንድ ገጽ ጽፎ ላከ፤ ወጣቱም ያንን ከመልሱ ጋር አያይዞ አስገባ። ልሸኝህ ብሎ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሲመጣ በእጁ ምንም አልነበረም። «ደብዳቤው ተነሣልኝ ጋሼ፤ ሪፖርቱን ግን እንደገና እየጻፍኩ ነው» አለኝ። እሱን የሚመልስለት የለም። በየ10 ደቂቃው ሴቭ እንዲያደርግ መክሬው ወደ ፍተሻው ገባሁ።