ድንበር ስትሻገሩ ሲማችሁን አትጣሉ!

እናንተዬ፣ የዘንድሮ ወጣት ቦርሳውን አዝሎ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ፣ ሲለውም ካምፓላና ኪጋሊ ድረስ ይዘልቃል። እሰየው! እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ የሚቀረው ቤተሰብ ነው። በእኛ በጳውሎስ ሰፈር አንድ እናት አሉ። ልጃቸው ኬንያ ሲገባ ያገር ቤት ሲሙን ጥሎ አዲስ ቁጥር አወጣ። ሳምንት ሳይሞላ ከማያውቁት ቁጥር «እማዬ ታስሬያለሁ፣ ብር ላኪልኝ» የሚል መልእክት መጣላቸው። ልጃቸው ይሁን ሌባ በምን ይለዩ? ጎረቤት ባያስጥላቸው ልከውት ነበር።

ስለዚህ ስሙኝማ! ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ያዙ። ያገራችሁን ሲም ሳታወልቁ ዳታ ሮሚንጉን ብቻ አጥፉት፤ አለበለዚያ ካርዳችሁን ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ በ2007 ዓ.ም የእርስ በርስ የስልክ ጥሪ ዋጋ ቀንሰዋል፤ እኛ ግን አልገባንበትም። ኢንተርኔት በደረሳችሁበት አገር ሲም ተጠቀሙ፤ ስትገዙ ፓስፖርት ትጠየቃላችሁ። ቴሌግራማችሁ እንደሆነ በድሮው ቁጥር ይቀጥላል።

የባንክና የቴሌብር ኮድም የሚመጣው በዚያው በድሮው ቁጥር ነው። ሮሚንጉ መሥራቱን ሳትነሱ አረጋግጡ። ለረጅም ጊዜ የተዘጋ ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ኮዱም ለእሱ ይደርሰዋል ማለት ነው።

ደግሞም ከቤተሰብ ጋር የምሥጢር ጥያቄ ተነጋገሩ። «የድሮ ድመታችን ስሟ ማን ነበር?» ዓይነት። ያልመለሰ ሰው፣ እንኳን ታስሬያለሁ ሞቻለሁ ቢልም ብር አይላክለትም!