የቅጠል ትንፋሽ እና የቦርከና ሸለቆ አየር



የዛሬው ገለጻዬ ዕፅዋት ወደ አየር የሚለቋቸውን ጋዞችና እነዚህ ጋዞች በከባቢ አየር ውስጥ የሚያልፉበትን ኬሚካዊ ለውጥ ይመለከታል። ለምሳሌነት የመረጥሁት የከሚሴን አካባቢ ነው። ከሚሴ ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ያቋርጣታል፤ በቦርከና ወንዝ የሚርሰው የጨፋ ረግረግም በአቅራቢያዋ ተንጣሏል። ለጉዳያችን የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ቅጠል፣ ፀሐይና የሞተር ጭስ፣ በአንድ ሸለቆ ይገናኛሉ።

ስለ ዛፍ ስንናገር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፣ ኦክስጅን ይሰጣል ብለን ማለፍ ለምደናል። ነገር ግን ቅጠል ሌላም ትንፋሽ አለው። ፍሪትስ ዌንት የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪ በ1960 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተሰኘው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፣ በደናማ ተራሮች ላይ የሚታየውን ሰማያዊ ጭጋግ ዕፅዋት ከሚለቋቸው በቀላሉ የሚተኑ ውህዶች ጋር አያይዞታል። ከእነዚህ ውህዶች በብዛት ቀዳሚው አይሶፕሪን ነው። የምድር ዕፅዋት በዓመት ወደ 500 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ አይሶፕሪን እንደሚለቁ ይገመታል።

ሁሉም ዕፅዋት ግን እኩል አይለቁም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ከብርቱዎቹ አመንጪዎች አንዱ ነው፤ ማሽላና በቆሎ ግን የሚለቁት እጅግ ጥቂት ነው። ባሕር ዛፍን ስንቀጥፍ የሚሸተን ዘይት በቅጠሉ ውስጥ ተከማችቶ የቆየ ነው። አይሶፕሪን ግን አይከማችም፤ ቅጠሉ በብርሃን ኃይል እየሠራ ወዲያው ይለቀዋል፤ ሙቀት ሲጨምርም መጠኑ ይጨምራል። ስለዚህ የትንፋሹ ጉልበት በቀትር ይበረታል።

አየር ላይ የወጣው አይሶፕሪን ዕድሜው በሰዓታት የሚቆጠር ነው። ሃይድሮክሲል የተባለው፣ አየርን እንደ ሳሙና የሚያጸዳው ራዲካል፣ ወዲያው ያጠቃዋል። ከዚህ በኋላ የሚሆነው በናይትሮጅን ኦክሳይዶች መጠን ይወሰናል። አየሩ ከጭስ የራቀ ከሆነ አይሶፕሪን ኦዞንን አያበዛም፤ እንዲያውም ጥቂቱን ሊያጠፋ ይችላል። ከመኪና ሞተር ወይም ከእሳት የወጣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ካለ ግን የአይሶፕሪን ስብርባሪ ወደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ ፀሐይ ይህን ትሰነጥቀዋለች፤ ነጻ የወጣው የኦክስጅን አተም ከኦክስጅን ሞለኪውል ጋር ተጣምሮ ኦዞን ይሆናል።

በላይኛው ሰማይ ጋሻችን የሆነው ኦዞን በምድር ገጽ ላይ መርዝ ነው። ሳንባን ያስቆጣል፤ በቅጠል ቀዳዳዎች ገብቶም የብርሃን አስተፃምሮን ያዳክማል። በዞኑ ለሚዘራው ማሾና ለመሰል ጥራጥሬዎች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ታዲያ ጥፋተኛው ዛፉ ነውን? በ1988 እ.ኤ.አ. ዊልያም ቻሚዲስና ባልደረቦቹ በአሜሪካዋ አትላንታ ላይ ያደረጉት ጥናት መልሱን ያመለክታል። የዛፎቹ ትንፋሽ በስሌቱ ሲካተት፣ የፋብሪካና የመኪና ሃይድሮካርቦንን ብቻ መቀነስ ኦዞንን ለመግታት እንደማይበቃ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን መቆጣጠር እንደሚያስፈልግ አሳዩ። ዛፉ የሚሰጠው ማገዶውን ነው፤ ክብሪቱን የሚጭረው የእኛ ጭስ ነው።

የጨፋ ረግረግ ደግሞ ሌላ ገጽታ ያክልበታል። ኦክስጅን በሌለው ጭቃ ውስጥ ረቂቅ ተሕዋስያን ሚቴን ይሠራሉ፤ የውኃ ዳር ዕፅዋትም በግንዳቸው ባለው የአየር ቧንቧ ወደ ላይ ያሳልፉታል። ሚቴንን ከአየር በዋነኛነት የሚያስወግደውም ያው ሃይድሮክሲል ነው። ይህ ማለት ግን ረግረጉ ይድረቅ ማለት አይደለም። ጨፋ በበጋ ለኦሮሞ፣ ለአፋርና ለአርጎባ ከብት አርቢዎች መጠጊያ ነው፤ የደረቀ የረግረግ አፈርም ያከማቸውን ካርቦን መልሶ ወደ አየር ይለቃል።

ተማሪዎቼ ከዚህ እንዲይዙልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ችግኝ ሲተከል የምንጠይቀው ስንት ተተከለ ብለን ብቻ መሆን የለበትም፤ የትኛው ዝርያ፣ ከየትኛው መንገድ አጠገብ ብለንም እንጠይቅ። ብዙ አይሶፕሪን የሚለቁት ከጭስ ርቀው፣ ጥቂት የሚለቁት በከተማና በአውራ ጎዳና ዳር ቢተከሉ፣ ጭሱም ከምንጩ ቢቀነስ፣ የሸለቆው ገበሬ ጥላውንም ምርቱንም ሳያጣ ይኖራል።