የሁለት ሜትር ኬብል ምስጢሩ ጫፉ ላይ ነው

ይህን ሱቅ ውስጥ ጮክ ብሎ የሚነግራችሁ አታገኙም። ለቤት አጭር የኔትወርክ ኬብል ልትገዙ ስትገቡ የሚወራላችሁ ስለ ቁጥሩ ነው፦ ካት 5ኢ፣ ካት 6፣ ካት 7፣ ካት 8። ቁጥሩ ከፍ ሲል ዋጋውም ከፍ ይላል። ዝርጋታ ላይ የምንውል ሰዎች ግን ለራሳችን ቤት ስንገዛ ቁጥሩን የምናየው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የምናገላብጠው ጫፉን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካት 5ኢ 1 ጊጋቢትን 100 ሜትር ድረስ ያደርሳል። ካት 6 ደግሞ 10 ጊጋቢትን 55 ሜትር ያህል ይወስዳል። እናንተ የምትፈልጉት ከፋይበር ሳጥኑ እስከ ራውተሩ፣ ወይም ከራውተሩ እስከ ኮምፒውተሩ የምትደርስ አንድ ሁለት ሜትር ናት። በዚህች ርቀት ሽቦው ላይ የሚባክነው ሲግናል ከምንም አይቆጠርም። ብልሽት ከመጣ የሚመጣው ሽቦውና ኮኔክተሩ ከሚገናኙባት ከዚያች ጠባብ ቦታ ነው።

አሁን ጆሯችሁን አቅርቡ። መርካቶም ሆነ ሰፈር ውስጥ ካለ ኮምፒውተር ቤት «ሁለት ሜትር ስጠኝ» ስትሉ ብዙ ጊዜ ከ305 ሜትሩ ካርቶን ይቆረጥላችኋል። በሁለቱም ጫፍ ኮኔክተር ይጨመቅለታል፣ ቴስተር ላይ ይሰካል፣ መብራቱ ከ1 እስከ 8 በተራ ብልጭ ይላል፣ ሒሳብ ከፍላችሁ ትወጣላችሁ። ሻጩ ሊያታልላችሁ አስቦ ላይሆን ይችላል። ግን ያ የካርቶን ኬብል አብዛኛውን ጊዜ ለግድግዳ ውስጥ የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ሽቦ አንድ ደረቅ ዘንግ ነው፤ አንዴ ከተቀበረ በኋላ እንዲነቃነቅ አልታሰበም። ከቴሌቪዥን ጀርባ በየጽዳቱ የሚጎተት፣ የሚታጠፍ፣ የሚነቀል ኬብል ግን ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ሽቦ ይፈልጋል።

ከዚህ የባሰው ኮኔክተሩ ነው። ውስጡ ያሉት የብረት ጥርሶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ክሮቹ መሀል እንዲወጋ፣ ሌላው ደረቁን ዘንግ ግራና ቀኝ እንዲያቅፍ የተሠራ። ለክር የታሰበው ጥርስ በዘንግ ላይ ሲጨመቅ መያዙን ይይዛል፤ ቴስተሩም ያልፈዋል። ከጊዜ በኋላ ግን ሙቀቱና መነካካቱ ያላላዋል። ያኔ ቤቱ ውስጥ ሲነኩት የሚመጣ፣ ሲነኩት የሚጠፋ ኢንተርኔት ይጀምራል። ሰው ራውተር ይቀይራል፣ ስልክ ደውሎ ቅሬታ ያስመዘግባል፣ ኬብሉን ግን የሚጠረጥረው የለም፤ በቴስተር አልፏልና።

ስለ ቴስተሩም ልንገራችሁ። ያቺ ርካሽ ባለ ስምንት መብራት ቴስተር የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከዚህ ጫፍ 3 ቁጥር ላይ የገባው ሽቦ እዚያኛው ጫፍ 3 ቁጥር ላይ መድረሱን። ከማን ጋር ተጠማዝዞ እንደመጣ አታውቅም። ሽቦዎቹ በጥንድ የተጠማዘዙት የአንዱ ረብሻ በሌላው እንዲጣፋ ነው። በደረጃው መሠረት ጥንድ የሆኑት 1 ከ2፣ 3 ከ6፣ 4 ከ5፣ 7 ከ8 ናቸው። ልምድ የሌለው ሰው አራቱን ጥንዶች ጎን ለጎን ደርድሮ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ካደረገው ስምንቱም መብራት በተራው ይበራል፤ ኬብሉ ግን ውስጥ ለውስጥ ራሱን ይረብሻል። ይህን በዓይናችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ኮኔክተሩ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ መሀሉን እዩ። ሁለቱ ሰማያዊዎች መሀል ላይ ሆነው ግራና ቀኛቸውን አንድ ጥንድ፣ አረንጓዴ ወይም ብርቱካናማ፣ ከቧቸው መቆም አለባቸው። ካልሆነ አትግዙ።

እግረ መንገዳችሁን ሌላም እዩ፦ የውጩ የላስቲክ ልባስ ኮኔክተሩ ውስጥ ገብቶ ተቆንጥጧል? ወይስ ባለ ቀለም ሽቦዎቹ ውጭ ድረስ ተራቁተው ይታያሉ? ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ የተፈታ ጥንድ ሥራው ሻካራ እንደነበር ይናገራል።

ወደ ሽቦው እንምጣ። ገበያው ውስጥ ላዩ መዳብ፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ኬብል ሞልቷል፤ ካርቶኑ ላይ ቢበዛ ሲሲኤ የሚል ትንሽ ጽሑፍ ይኖረዋል፣ አንዳንዱ ያንንም አይጽፍም። ከየትኛውም የካት ደረጃ ጋር አይስማማም። አሉሚኒየም ደጋግሞ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ በጥርሱ ሥርም ይላላል፤ ማለትም የሚጎዳችሁ እዚያው ጫፉ ላይ ነው። በኬብሉ መብራት የሚወስድ የደጅ ካሜራ ካላችሁ ደግሞ ሙቀት ይጨምራል። መለያው ቀላል ነው፦ የተቆረጠውን ሽቦ በምላጭ ፋቁት፤ ቀዩ ተልጦ ውስጡ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። ሙሉ ካርቶን የሚገዛ ሰው ደግሞ ያንሳው። ባለ 24 ቁጥር ሽቦ የሆነ የ305 ሜትር ካርቶን መዳቡ ብቻ 4 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ክንድ ላይ ከቀለለ ጠርጥሩ።

ካት 7 እና ካት 8? ካት 7ን የአሜሪካው ደረጃ አውጪ ቲአይኤ ጨርሶ አልተቀበለውም፤ በዓለም አቀፉ ደረጃም የታሰበለት ኮኔክተር ይህ ቤታችን ያለው አይደለም። ካት 8 ለዳታ ማዕከል የተሠራ፣ 30 ሜትር ላይ የሚያበቃ ነው። ለቴሌቪዥን ካት 8 መግዛትማ ያሳዝነኛል፤ የአብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች የኔትወርክ ቀዳዳ እስካሁን ከ100 ሜጋቢት አያልፍም። ፎይል የተጠቀለለበትንም እለፉት። የምድር ሽቦ በሌለበት ሶኬት ላይ ፎይሉ ሥራውን በሙሉ ላይሠራ ይችላል፤ ለሁለት ሜትርም አያስፈልግም።

እኔ ለቤቴ የምይዘው ጫፉ በፋብሪካ የተገጠመ፣ ባለ ብዙ ክር፣ ንጹሕ መዳብ፣ ካት 6፣ ከተቻለ ባለ 24 ወይም 26 ቁጥር ሽቦ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው እንደሚወፍር አስታውሱ። የኮኔክተሩን ምላስ ከመሰበር የሚጠብቅ ላስቲክ ይኑረው። ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ይህንኑ ንገሩት፤ «ኦሪጅናል አምጣልኝ» ብቻ ማለት አይበቃም።

ቤት ስትደርሱ ከራውተሩ ወደ ኮምፒውተር ሰኩትና የኮምፒውተሩ የኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ሊንክ ስፒድ የሚለውን ተመልከቱ። ሁለቱም ዕቃዎች ጊጋቢት ሆነው 1000 ከጻፈ ስምንቱም ሽቦ እየሠራ ነው። 100 ከጻፈ ከአራቱ ጥንድ አንዱ አልያዘም ማለት ሊሆን ይችላል፤ 100 ሜጋቢት በሁለት ጥንድ ብቻ ይሠራልና ኢንተርኔቱ አይቋረጥም፣ ችግሩም አይታወቃችሁም። በሌላ ኬብል ሞክሩና 1000 ካለላችሁ፣ ያኛውን ደረሰኙ ሳይጠፋ መልሱት።