በሆሞሻ ወረዳ ለነፍስ አድን ሔሊኮፕተር ማረፊያ ስለ ማዘጋጀት

የሆሞሻ ወረዳ በሱዳን ጠረፍ አጠገብ የሚገኝ ነውና፤ በክረምት ጎርፍ መንገዱን በቈረጠ ጊዜ ምጥ የጸናባት ሴት ወይም የቈሰለ ሰው በአየር ካልሆነ በቀር ሐኪም ዘንድ የማይደርስበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ሔሊኮፕተር እንደ አይሮፕላን ረጅም ሜዳ አይፈልግም፤ ነገር ግን በየትም ይወርዳል ማለት ስሕተት ነው። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ዘመን አይሮፕላኖች እህል ከአየር ከመጣላቸው አስቀድሞ የፖላንድ ሔሊኮፕተሮች በስፍራው እየወረዱ ቦታውን ያዘጋጁ ነበር። ያለ ምድር ዝግጅት የአየር ረድኤት እንደማይፈጸም ከዚህ ይታወቃል።

ቦታው ቢያንስ በየማዕዘኑ 30 ሜትር የሆነ፥ ደልዳላና ጽኑ መሬት ይሁን፤ ለትልቅ ሔሊኮፕተር ግን ከዚህ ይሰፋል። የቆላ አየር ሲሞቅ ስስ ስለሚሆን የሔሊኮፕተሩ የማንሣት ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ በቀስታ የሚወርድበትና የሚነሣበት መንገድ ከዛፍና ከሽቦ የጸዳ መሆን አለበት።

ቀርከሃ የተቈረጠበት ስፍራ ጕቶው እንደ ጦር የሾለ ነው፤ በሣር ተሸፍኖም ከአየር አይታይምና ከሥሩ ይነቀል። ሣሩን አቃጥሎ መተው አይገባም፤ አመዱ ተነሥቶ የነጂውን ዓይን ይጋርዳል። ረጅም ደረቅ ሣርም በሞተሩ ትኵሳት እሳት ሊይዝ ይችላል። ይልቁንም ታጭዶ ይራቅ፤ ለከብት መኖና ለቤት ክዳን ይጠቅማል። በበጋ አቧራው እንዳይነሣ ውሃ ይረጭ።

ሔሊኮፕተሩ በሚመጣበት ቀን አንድ አዛዥ ብቻ ይሁን። ሕዝቡና ከብቱ ከ60 ሜትር ያላነሰ ይራቁ፤ ቆርቆሮ፥ ነጠላና ባርኔጣ በነፋሱ እንዳይወሰዱ ይያዙ። ነፋሱን የሚያሳይ ጨርቅ ከማረፊያው ርቆ በእንጨት ላይ ይታሰር። ነጂው ምልክት ሳይሰጥ ማንም አይቅረብ፤ ሲጠራም ጐንበስ ብሎ በፊት ለፊት ይሂድ። የጅራቱ መዘውር በፍጥነት ሲዞር ለዓይን አይታይምና ከኋላ የሚመጣ ሰው ይሞታል። ተዳፋት በሆነ መሬት ከዝቅተኛው ወገን እንጂ ከላይ ወደ ታች አይወረድም።

እንግዲህ የወረዳ ሹማምንት በየቀበሌው አንድ አንድ ስፍራ መርጣችሁ፥ ከባለ ይዞታው ጋር ተስማምታችሁ፥ በመዝገብ አስገቡ። ማሽላ ከተዘራበት ማሳ ይልቅ የግጦሽ መሬት ይመረጥ፤ ሰብል የሚጎዳ ቢሆን ግን ካሣው አስቀድሞ ይወሰን። ይህም ሁሉ ዝናብ ከመግባቱ በፊት መፈጸም አለበት፤ በጭንቅ ሰዓት ሜዳ መፈለግ የሚሞተውን ሰው አያድነውም።