ከባሌስትራ የሚወጣ ስለት

ያረጀ ባሌስትራ ለሹፌሩ ውዳቂ ነው፤ ቢላዋ መሥራት ለሚማር ሰው ግን በርካሽ የሚገኝ ጥሩ ጥሬ ዕቃ ነው። የመኪና ክብደት ተሸክሞ፣ እየጎበጠ እንዲመለስ የተሠራ አረብ ብረት ስለሆነ በቂ ካርቦን አለው። ካርቦን ያለው ብረት ደግሞ በእሳትና በዘይት ይጠነክራል። የአጥርና የመስኮት ብረት ይህ ስለሚጎድለው የቱንም ያህል ቢስሉት ወዲያው ይዶለዱማል። ብዙ የሠራ ባሌስትራ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው እንደሚችል ግን ማወቅ ያሻል።

ጀማሪ መጀመሪያ የሚያምረው መዶሻና መስፍ ነው። በመዶሻ ቅርጽ ማውጣት ግን ሊቆይ ይችላል፤ ለመጀመሪያው ቢላዋ ሞርሳ፣ ሴጌቶ፣ ሞረድና ትራፓኖ ይበቃሉ። ባሌስትራው እስኪቀላ ይግላል፣ ጉብጠቱ ይቃናል፣ ከዚያ አመድ ውስጥ ተቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ይተዋል። በማግስቱ ሞረድ ይነክሰዋል። በካርቶን ላይ የተሣለው ቅርጽ ብረቱ ላይ ይገለበጣል፣ ይቆረጣል፣ የእጀታው ቀዳዳ ይበሳል፣ ጎንና ጎኑ ይሞረዳል። አፉ በዚህ ደረጃ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ሊቀርለት ይገባል። ከእሳት በፊት የሳሳ አፍ ይጣመማል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል።

ዋናው ትምህርት ያለው እሳቱ ላይ ነው። ከሰሉ በወናፍ ሲነፋ ብረቱ ከጥቁር ቀይ ወደ ደማቅ ቀይ ይሄዳል። ቀለሙን በትክክል ለመለየት ጨለም ያለ ቦታ ይመረጣል፤ በጠራራ ፀሐይ የሚሠራ ሰው ከልክ በላይ ያግለዋል። ዓይኑ ላልለመደ አንድ ቀላል መፈተኛ አለ፤ ማግኔት። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት አይዘውም። ከዚያ ትንሽ ጨምሮ ማጋልና ሞቅ ባለ የምግብ ዘይት ውስጥ ጫፉን አስቀድሞ ቀጥ አድርጎ መንከር ነው። በቀዝቃዛ ውኃ የነከረው ጀማሪ ብረቱ ቋ ብሎ ሲሰነጠቅ ሊሰማ ይችላል። በደንብ የጠነከረ ስለት ላይ ሞረድ ይንሸራተታል።

ደስታው ግን ገና ነው። ያ ስለት አሁን እንደ ብርጭቆ ስለሆነ ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ስለዚህ 200 ዲግሪ አካባቢ በሞቀ ምድጃ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል፣ ሁለት ጊዜ ይቆያል። ቀድሞ የጸዳው ገጹ የገለባ ቀለም ሲይዝ ከጥንካሬው ጥቂት ሰጥቶ ያለመሰበርን አግኝቷል ማለት ነው። የወይራ ወይም የቀንድ እጀታ በኮላና በናስ ሚስማር መግጠም ከዚህ በኋላ ቀላል ነው፤ የቀንድና የብረት ብናኝ ለሳንባና ለዓይን ጠንቅ ስለሆነ ያለ ማስክና ያለ መነጽር አይሞከር።

ይህን ሁሉ በአገራችን ቀጥቃጮች ያለ ማግኔት፣ በቀለም ብቻ ለይተው ሲሠሩት ኖረዋል። በጎንደር ዙሪያ በዚህ ሙያ ስመ ጥር ከነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ይገኙበታል። ማረሻውን ከእጃቸው የሚገዛው ገበሬ «ቡዳ» እያለ ይሸሻቸው ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያወጡም ስድቡ በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ሰዎች ይህንኑ ሙያ ለመማር ገንዘብ ከፍለው ይመዘገባሉ።

በዚያ አገር ያለው የአሜሪካ ቢላዋ ቀጥቃጮች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1976 ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ ዋናው የሜሪላንዱ ቢል ሞራን ነበር። የማኅበሩ የማዕረግ ፈተና ለጀማሪም ጥሩ መለኪያ ነው። ተፈታኙ በሠራው ቢላዋ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን የተንጠለጠለ ገመድ በአንድ ምት ይቆርጣል፤ ወፍራም ሞራሌ ሁለት ጊዜ አቋርጦ ይቆርጣል፤ ከዚያም በዚያው አፍ፣ ሳይስለው፣ የክንዱን ፀጉር ይላጫል። በመጨረሻ ስለቱ በሞርሳ ተይዞ 90 ዲግሪ ይታጠፋል፤ ከተሰበረ ወደቀ። ለመጀመሪያው ማዕረግ እንኳ ለመፈተን ሦስት ዓመት በአባልነት መቆየት ይጠይቃል፤ የመግቢያ ኮርሱን የወሰደ አንድ ዓመት ይቀነስለታል።