ማሽኑን ራሳችሁ ጠይቁት

በመሣሪያ ግዢ ሰነዶች ላይ በየገጹ ከሚገኙና ማንም ብዙ ከማይመረምራቸው ዓረፍተ ነገሮች አንዱ «ሞድባስን ይደግፋል» የሚለው ነው። የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ላይ አለ፤ የጀነሬተር መቆጣጠሪያ ላይ አለ፤ የፀሐይ ኃይል ኢንቨርተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ የቦይለር ሙቀት መለኪያ ላይም አለ። ገዢው ያነባል፣ ሻጩ ይምላል፣ ርክክቡ ይፈረማል። መሣሪያው የተባለውን ቋንቋ በእርግጥ ይናገር እንደሆነ የሚታወቀው ግን ከወራት በኋላ፣ ከሌላ አምራች ማሽን ጋር ሲያገናኙት ነው። ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ወይ ዝምታ ይወጣል፣ ወይ ከዝምታ የባሰ ነገር ይወጣል፦ እውነት የሚመስል የተሳሳተ ቁጥር።

ይህን ቃል ለመፈተሽ ውድ መሣሪያም፣ በዶላር የሚገዛ ፈቃድም፣ በአውሮፕላን የሚመጣ ባለሙያም አያስፈልግም። ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ዩኤስቢን ወደ አርኤስ-485 የሚቀይር ትንሽ አስማሚና ነጻ ሶፍትዌር ይበቃል። የውጭ ምንዛሪ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር፣ ከቻይና፣ ከቱርክ፣ ከሕንድና ከአውሮፓ የመጡ ማሽኖች በአንድ ጣሪያ ሥር በሚሠሩባቸው ፋብሪካዎቻችን፣ ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም። እንዴት እንደሚበቃ ለማየት ቋንቋውን ራሱን ከፍቶ ማየት ይሻላል።

ሞድባስ የወጣው በአውሮፓውያኑ 1979 ነው። ያወጣው ሞዲኮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ የፋብሪካ ማሽኖችን የሚያዘውን ፒኤልሲ የተሰኘ ኮምፒውተር ለዓለም ካስተዋወቁት አንዱ ነበር፤ ፕሮቶኮሉንም ያዘጋጀው የገዛ መሣሪያዎቹ እንዲነጋገሩበት ነው። ዛሬ ሞዲኮን በፈረንሳዩ ሽናይደር ኤሌክትሪክ ሥር ያለ የምርት ስም ሲሆን፣ ፕሮቶኮሉ ግን ከ2004 ጀምሮ ራሱን በቻለ የሞድባስ ድርጅት እጅ ይገኛል፤ ደንቡንም ማንም ሰው ያለ ክፍያ ማውረድ ይችላል። ከ1979 ወዲህ ብዙ የረቀቁ ፕሮቶኮሎች መጥተዋል። ሞድባስ እስካሁን የቆየው፣ በእኔ አስተያየት፣ አንድ ተማሪ በአንድ ከሰዓት ሊረዳው የሚችል በመሆኑ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አርኤስ-485 በተባለው የአንድ ጥንድ ሽቦ መስመር ላይ፣ እስከ 1200 ሜትር በሚደርስ ርቀት፣ በመደበኛው አቆጣጠር 32 መሣሪያዎች ይደረደራሉ። አንዱ ጠያቂ ነው፤ የቀሩት መላሾች ናቸው። እያንዳንዱ መላሽ ከ1 እስከ 247 ባለው ክልል የራሱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ካልተጠራ አይናገርም።

ጥያቄው ራሱ ይህን ይመስላል፦ 1፣ 3፣ 0፣ 0፣ 0፣ 2፣ 196፣ 11። ስምንት ባይት፤ በቃ። የመጀመሪያው 1 የተጠራው መሣሪያ ቁጥር ነው። 3 «ሬጅስተሮችህን አንብብልኝ» የሚል ትእዛዝ ነው። ሬጅስተር ማለት ከ0 እስከ 65535 ያለ ቁጥር የሚቀመጥበት የመሣሪያው የማስታወሻ ሳጥን ነው። ቀጥለው ያሉት ሁለት ዜሮዎች ንባቡ ከየትኛው ሬጅስተር እንደሚጀምር፣ 0 እና 2 ደግሞ ስንት ሬጅስተር እንደሚነበብ ይናገራሉ። የመጨረሻዎቹ 196 እና 11 ከፊታቸው ካሉት ስድስት ባይቶች በስሌት የወጡ ማረጋገጫ ናቸው፤ በመንገድ ላይ አንዲት ቢት እንኳ ብትገለበጥ ስሌቱ አይገጥምምና ተቀባዩ መልእክቱን ይጥለዋል። በሰከንድ 9600 ቢት በሚያሳልፍ መስመር ላይ ይህ ሁሉ ከ10 ሚሊሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ ወደ 4 ሚሊሰከንድ የሚጠጋ ጸጥታ ይከተላል፤ በሞድባስ አራት ነጥቡ ዝምታ ነው።

አሁን መሣሪያው ቆጣሪ ነው እንበል፤ በሁለቱ ሬጅስተሮች ውስጥ ያለውም የመስመሩ ቮልቴጅ ነው። ቮልቴጁ ልክ 220 ከሆነ፣ ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች በ32 ቢት ለመጻፍ በተለመደው ዘዴ መሠረት የሚመጡት አራት ባይቶች 67፣ 92፣ 0፣ 0 ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሞድባስ ደንብ አንድ ሬጅስተር፣ ማለትም 16 ቢት፣ እንዴት እንደሚላክ ይደነግጋል፤ ሁለት ሬጅስተሮች ተጣምረው አንድ ቁጥር ሲሆኑ የትኛው እንደሚቀድም ግን አይናገርም። ስለዚህ አንዱ አምራች 67፣ 92፣ 0፣ 0 ብሎ ይልካል፤ ሌላው 0፣ 0፣ 67፣ 92። በመጀመሪያው አደራደር የተላከውን በሁለተኛው የሚያነብ ስክሪን 220 ቮልት የነበረውን ዜሮ አድርጎ ያሳያል። ማረጋገጫው ገጥሟል፣ መልእክቱ በሰላም ደርሷል፣ ሽቦውም ደህና ነው። ቴክኒሻኑ ግን ፌዝ ጠፋ ብሎ ፊውዝ ሊፈትሽ ይሮጣል።

ሁለተኛው የታወቀ ወጥመድ የቁጥር መነሻ ነው። በመስመሩ ላይ ቆጠራው ከ0 ይጀምራል፤ ብዙ የአምራች መመሪያዎች ግን ከ1 ይጀምራሉ፣ ያንኑ የመጀመሪያ ሬጅስተር 40001 ብለው የሚጽፉም ሞልተዋል። በአንድ ቤት መሳት ማለት ቮልቴጅ ስትጠይቁ ግማሹን የቮልቴጅ ቁጥር ከግማሽ የሌላ ቁጥር ጋር ተቀጣጥሎ መቀበል ማለት ነው። የሚመጣው መልስ አንዳንዴ ከእውነቱ እጅግ የራቀ ስለሚሆን ወዲያው ይታወቃል፤ አንዳንዴ ግን ለእውነት ስለሚቀርብ ለዓመት ሳይነቃ ይቀመጣል። የከፋው ይኸኛው ነው።

ነጻ ሶፍትዌሮቹ የሚያገለግሉት እዚህ ነው። ኤምቢፖል የሚባለው በትእዛዝ መስመር ላይ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ የመሣሪያውን ቁጥር፣ የመስመሩን ፍጥነትና የሚፈለገውን ሬጅስተር ስትነግሩት ይጠይቅና መልሱን ይጽፍላችኋል። ቁጥሩን እንደ ሙሉ ቁጥርም፣ እንደ ነጥብ ቁጥርም ያነባል፤ የሁለቱን ሬጅስተሮች ቅደም ተከተል በአንድ ምልክት ትገለብጡታላችሁ። ከ1 መቁጠር ልማዱ ስለሆነ፣ ከ0 እንዲጀምር ከፈለጋችሁ በሌላ ምልክት ማዘዝ አለባችሁ። የተገነባው ሊብሞድባስ በተሰኘ ነጻ የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት ላይ ነው። ፓይተን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ፓይሞድባስን ይዞ የፈለገውን ዓይነት ፈተና ራሱ መጻፍ ይችላል።

ፈተናው በሥርዓት ከተያዘ ብዙ ነገር በቶሎ ይለያል። በመልቲሜትር የሚታወቅ አንድ እሴት ምረጡ፤ ቮልቴጅ ከሁሉም ይመቻል። ያንኑ በኤምቢፖል አንብቡና አስተያዩ። ካልገጠመ ቅደም ተከተሉን ገልብጡ፣ መነሻውን በአንድ ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሱ። ከዚያ ሆን ብላችሁ የሌለ ሬጅስተር ጠይቁ። ጨዋ መሣሪያ በዚህ ጊዜ ዝም አይልም፤ ትእዛዙ 3 ከነበረ 131 ብሎ ይመልሳል፣ በ128 ከፍ አድርጎ ማለት ነው፤ ከሥሩም 2 ያስከትላል፤ «እንዲህ ያለ አድራሻ የለኝም» እንደ ማለት። ብዙ ጀማሪዎች ይህን የስሕተት መልስ ሲያዩ ይደነግጣሉ። በእርግጥ ግን የምሥራች ነው፤ ሽቦው፣ ፍጥነቱና የመሣሪያው ቁጥር ሁሉም ትክክል መሆናቸውን ይነግራል። የሚያሳስበው ፍጹም ዝምታ ነው። ያኔ የሚጠረጠሩት ጥቂት ናቸው፦ የተገለባበጡ ሁለት ሽቦዎች፣ የማይገጥም ፍጥነት ወይም ፓሪቲ (ስሕተት መለያ ቢት)፣ አንድ ቁጥር የያዙ ሁለት መሣሪያዎች፣ በረጅም መስመር ላይ በሁለቱ ጫፎች መቀመጥ የነበረባቸውና የተረሱ 120 ኦም ሬዚስተሮች።

መሣሪያው በኔትወርክ ኬብል የሚገናኝ ከሆነ፣ ያው ቋንቋ በፖርት 502 ላይ ይሄዳል፤ ዋየርሻርክም ሥራ ላይ ይውላል። ይህ በ1998 በሌላ ስም ተጀምሮ በ2006 የአሁኑን ስም የያዘ ነጻ ፕሮግራም በኔትወርኩ ላይ የሚያልፈውን እያንዳንዱን መልእክት ይዘግባል፤ ሞድባስንም ስለሚያውቅ ጥያቄውንና መልሱን ለይቶ፣ ፈታትቶ ያሳያል። በገዢና በሻጭ መካከል ክርክር ሲነሳ ጥቅሙ ይጎላል። «የእናንተ ስክሪን ነው የተበላሸው» ለሚል ሻጭ የተቀዳውን ፋይል መላክ ይቻላል፤ እሱም በራሱ ኮምፒውተር ያንኑ ባይት በባይት ያየዋል። የሁለቱ ወገኖች መለኪያ አንድ ዓይነት፣ አሠራሩም ለሁለቱም ግልጽ ሲሆን ክርክሩ ያጥራል። የነጻ ሶፍትዌር ትልቁ ጥቅም በኪስ ከሚተርፈው ብር ይልቅ ይኼ ነው እላለሁ፤ መርማሪው ራሱ ሊመረመር ይችላል።

እስካሁን ያየነው መሣሪያው በትክክል ለተጠየቀው በትክክል ይመልስ እንደሆነ ነው። የተጣመመ ጥያቄ ሲመጣበትስ? ይህ ሌላ የፈተና ዘርፍ ነው፦ ርዝመቱ የተዛባ፣ ትእዛዙ ትርጉም የሌለው፣ ግማሽ መንገድ ላይ የተቆረጠ መልእክት በሺዎች እያመረቱ መላክና መሣሪያው ይወድቅ እንደሆነ ማየት። በአሜሪካ አዳም ክሬንና ክሪስ ሲስትራንክ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች በ2013 ይፋ ያደረጉት ሥራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ክሬን የኤሌክትሪክና የውሃ ድርጅቶች የሚጠቀሙበትን ዲኤንፒ3 የተሰኘ ፕሮቶኮል በነጻ ሶፍትዌር መልክ ይጽፍ ነበር፤ የራሱን ኮድ ለመፈተን የሠራውን መሣሪያ ከሲስትራንክ ጋር ሆኖ በገበያ ላይ ባሉ ምርቶች ላይ ሞከረው። ከብዙ አምራቾች ምርቶች ውስጥ ከ20 በላይ ጉድለቶች ወጡ። በጣም የሚያሳስበው ከእነዚህ ብዙዎቹ የተገኙት በጠያቂው በኩል፣ ማለትም በመቆጣጠሪያ ማዕከሉ ኮምፒውተር ውስጥ መሆኑ ነው። መላሾቹን ሲጠይቅ የሚውለው ማዕከል የተጣመመ መልስ ሲመጣበት ይቆማል። ጠባቂ በሌለበት ሩቅ ጣቢያ ያለ አንድ ሽቦ የሚነካ ሰው ማዕከሉን ሊያሳውር ይችላል ማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች ያገኙትን መጀመሪያ ለመንግሥት አካልና ለአምራቾቹ አሳወቁ፤ አምራቾቹም ማስተካከያ አወጡ።

ሞድባስ ደግሞ ከዚህም የባሰ ግልጽ ቁስል አለው። ይለፍ ቃል የለውም። የጠየቀውን ሁሉ ያምናል፤ ትእዛዝ 6 ወይም 16 ይዞ የመጣ ማንኛውም ሰው ሬጅስተር ውስጥ የፈለገውን ይጽፋል። በ1979፣ ሽቦው ከፋብሪካው ግቢ በማይወጣበት ዘመን፣ ይህ ብዙ አያስጨንቅም ነበር። በጥር 2024 በዩክሬኗ ልቪቭ ከተማ የሆነው ግን ሌላ ነው። አጥቂዎች ወደ ማሞቂያ ድርጅቱ መቆጣጠሪያዎች የሞድባስ ትእዛዞችን ላኩ፤ መቆጣጠሪያዎቹ የተሳሳተ ንባብ መስጠት ጀመሩ፤ ከ600 በላይ የመኖሪያ ሕንጻዎችም ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ ለሁለት ቀን ያህል ያለ ማሞቂያ ቆዩ። ድራጎስ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በዚያው ዓመት በሐምሌ የጥቃቱን ሶፍትዌር ፍሮስቲጉፕ ብሎ ሰይሞ ዝርዝሩን አወጣ። ፕሮግራሙ ሞድባስን አልሰበረም፤ እንደማንኛውም ጠያቂ በሥርዓቱ ተናገረው እንጂ።

ይህን የሰማ ሥራ አስኪያጅ «እንግዲያው እነዚህን የመፈተኛ ፕሮግራሞች መከልከል ነው» ሊል ይችላል። አይጠቅምም። አጥቂው አስቀድሞ አሉት፤ የሚከለከለው የሥራ አስኪያጁ የራሱ የጥገና ክፍል ብቻ ነው። የሚጠቅመው ፖርት 502ን ከኢንተርኔትና ከቢሮው ኔትወርክ መለየት፣ ከዚያም መለየቱን በእነዚሁ ፕሮግራሞች ከውጭ ሆኖ መፈተሽ ነው።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ ግን አለ። በሥራ ላይ ባለ ፋብሪካ መስመር ላይ የመጻፍ ትእዛዝም ሆነ የተጣመመ መልእክት አትላኩ፤ ማንበብም ቢሆን ኃላፊው አውቆትና ፈቅዶት ይሁን። ያረጁ መቆጣጠሪያዎች በጥያቄ ብዛት ብቻ ሊቆሙ ይችላሉ፤ የቆመው መቆጣጠሪያ ቦይለር የሚጠብቅ ሊሆን ይችላል። ለመማር ማሽን እንኳ አያስፈልግም። በአንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለት መስኮት ክፈቱ፤ በአንዱ ፓይሞድባስን መላሽ አድርጉት፣ በሌላው ኤምቢፖልን ጠያቂ። ፖርት 502 በሊኑክስ ላይ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ስለሚፈልግ 5020ን ተጠቀሙ። ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ የጫነ ሰው ኤምቢፖልን፣ ፓይሞድባስንና ዋየርሻርክን ከስርዓቱ የፕሮግራም ማከማቻ በቀጥታ ያገኛቸዋል።